አስራ አንድ ነጥብ አምስት
ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ በምግብ እጥረት የተጎዱትን ለመለየት የሕፃናትን ክንድ ስንለካ፣ አልሚ ምግቡ የሚሰጠው ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ልጅ ብቻ ነበር። ቅጹ ላይ ከነጥብ በኋላ የምትጻፈው አንዲት ቁጥር ናት። አብራኝ የምትሠራው የጤና ባለሙያ፣ ልኩ በሁለት መስመሮች መሃል ሲያርፍ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ትጽፋለች። እኔ ደግሞ ከወልድያ በሒሳብ ተመርቄ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አላስችል አለኝ።

"ቁጥር የሚጠጋጋው በሕጉ ነው እንጂ በአንጀት አይደለም!" ብዬ ተቆጣኋት። ቀና ብላ አየችኝና ሜትሩን ሰጠችኝ።

ቀጥሎ የመጣችው እናት የታቀፈቻትን ልጅ ለካሁ። ልኩ ከ11.4 አልፎ 11.5 ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ በዓይኔ ስገምተው 11.47 ነው። መጨረሻዋ ሰባት ስለሆነች ወደ ላይ ይጠጋጋል። 11.5 ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነበርኩ። ዛሬም የሚያርመኝ ካለ ይምጣ፣ ልክ ነበርኩ።

"ልኳ ከወሰኑ በታች አይደለም፤ ምግቡ አይሰጣትም" አልኳት እናቲቱን።

ፊቷ በራ። "አልሐምዱሊላህ! ደህና ናት በለኛ፣ ወንድሜ!" አለችኝ። እኔ ጅሉም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። መርቃኝ ሄደች።

በወሩ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች። ባልደረባዬ ሜትሩን በክንዷ ላይ ጠቀለለችና እንዳነበው ወደ እኔ አዞረችው። 10.9 ይላል፤ መስመሩ ላይ ልክክ ብሎ። የሚጠጋጋ ነገር አልነበረውም።