ያን ቤት እስክናልፍ

ከወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲሪንቃን እንዳለፈ ሾፌሩ ያን የድሮ አልበም ከፈተው። ገና ሳክስፎኑ ሲጀምር አወቅሁት።

አባቴ ይህን ካሴት ሳይሰማ አይውልም ነበር። የጎረቤታችን የእትየ ዘሃራ ልጅ በእርሻ ድንበር ጠብ ከገደለው በኋላ እናቴ ካሴቱን በሻሽ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ፍርድ ያገኘን ቀን እንሰማዋለን» አለችኝ።

ገዳዩ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ መፈጸሙ የተሰማ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተነሳ። እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ካሴቱን አወጣች፤ ግን እንደያዘችው ቆማ ቀረች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእጇ ነጥቄ ቴፑ ውስጥ ከተትኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ዘፋኟ አንድ ስንኝ ሳትጨርስ እናቴ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

«ለቅሶ ቤት አጠገብ ዘፈን ይከፈታል?»

«ልጃቸው አይደል አባዬን የገደለው!»

«እሳቸውስ ልጅ አልሞተባቸውም?» አለችና ሻርፗን ተከናንባ ወጣች።

የእትየ ዘሃራ በር ሲከፈት ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሊያባርሯት ነው ብዬ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ከዚያ የሁለት ሴቶች ለቅሶ አንድ ላይ ተሰማኝ። እናቴ ለማን እንደምታለቅስ ያኔ አልገባኝም።

ያደግሁባት መርሳ ልንገባ ስንል ሾፌሩን «ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው» አልኩት።

«ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«እወደዋለሁ። እዚያ ጋ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቤታቸውን እስክናልፍ ብቻ።»