ከእግር በታች የሚሰማ ከበሮ

ጋሽ ናፍታ ከመጋረጃው ጀርባ ጫማውን አወለቀ። በጭፈራው ሰልፍ ሁለተኛ የሚቆመው፣ ቁመቱ ከጣሪያ የሚወዳደር ጡረተኛ፣ ሸንበቆው ይሉታል፣ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ደግሞ በባዶ እግርህ ልትወጣ ነው?»

ጋሽ ናፍታ ከንፈሩን አይቶ ገመተ። «እግሬ አየር ይፈልጋል።»

«ላንተ አየር፣ ለእኛ መከራ።»

ሳቁ። ጋሽ ናፍታ ግን ባለፉት ልምምዶች የጭፈራውን ዙር አሳስቶ ነበር። አሰልጣኟ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ቆፍጣና ሴት፣ ክንዱን ይዛ «ጋሼ፣ የዛሬውን ይምሩ። ዛሬም ከተሳሳቱ ግን መሪነቱን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አይቀየሙኝ» ብላዋለች። እርጅና መስሏታል። እሱም ይምሰላት ብሎ ተዋት። ደንቆሮ መሪ ማን ይከተላል?

ዕድሜውን የፈጀው በነዳጅ ቁፋሮ ነው። መሰርሰሪያው ድንጋይ ሲያኝክ፣ ፓምፑ ሲያጓራ፣ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጁ ነበር። ከምልክቶቹ ሁሉ የሚፈራው ጡጫ ነው። የብረቱ ወለል ከወትሮው በተለየ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀድሞ የተሰማው ሰው ጡጫውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያየ ሁሉ እጁን ከብረት አላቆ ባለበት ይደርቃል። ለምን ብሎ ጥያቄ የለም፤ ጥያቄ ከቆሙ በኋላ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጆሮው እንደ ሻማ ቀልጦ አለቀ፤ በምትኩ እግሩ ጆሮ አበቀለ።

ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ግን የጥፍሩን ግራሶ ሳያስለቅቅ ወደ ጭፈራው ይበር ነበር። ሚስቱ ጭፈራን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። እሱም ለማባበል ያንጎራጉርላታል፦

ጉልበቴ ለጉድጓድ፣ ጆሮዬ ለሞተር፣
እግሬን ለጭፈራ ደብቄላት ነበር።

«ለእኔስ ምን አስቀረህ?» ትለዋለች።

«ጡረታዬን፣ አንቺዬ።»

ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ጉልበቷን እየመታች ምቱን ታሳየዋለች፤ የቀረውን ከእንጨቱ ወለል በእግሩ ይለቅመዋል። ጣውንቷን በገዛ እጇ ትድርለታለች ማለት ነው።

መጋረጃው ተከፈተ። መብራቱ ዓይኑን ወጋው፤ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆኑበት። የሚስቱን እጅ ፈለገ፣ አጣው። ወለሉን አዳመጠ። ከበሮው ከሳንቃው ሥር እንደ ሕፃን ልብ ትር ትር ይላል። ተነሳ፣ ሰልፉም ተከተለው። የመጀመሪያው ዙር ያለ እንከን አለፈ። ሁለተኛውም። ላቡ በአከርካሪው ወረደ። አንድ ዙር ቀረው።

መብራት ሄደ።

ከበሮ መቺው መብራት ሲሄድ የሚደነግጥ ሰው አይደለም፤ መምታቱን ቀጠለ። ጋሽ ናፍታም በጨለማ ቀጠለ፤ ለእሱ ጨለማ ምን አዲስ ነገር አለው? ከዚያ ከመድረኩ ጀርባ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሳንቃው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከበሮው በሞተሩ ውስጥ ሰጠመ፣ የእግሩ ጣቶች ደነዘዙ፣ ልቡንም ሳያማክር ክንዱ ወደ ላይ ተወነጨፈ። ጡጫ። ባለበት ደረቀ።

ሰልፉ ግን ጡጫ አያውቅም። ሸንበቆው ከነቁመቱ ጀርባው ላይ ወደቀበት፣ ሌሎቹም ተደራረቡ። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ሲመለስ የሰው ጥርስ ታየው። እየሳቁ ነው።

አሰልጣኟ ከመድረኩ ጥግ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ቃል ሊለቅም አልቻለም። ሚስቱ ከወንበሯ ተነስታ ደርሳለች። የእሷን ከንፈር ግን በጨለማም ያነበዋል፦ «ጉልበቱን አሞት ነው፣ ልጄ፣ ጉልበቱን...»

«ተይ» አለ። ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ አላወቀም፤ የሰዉ ጥርስ ግን ሲከደን አየ። «ጉልበቴ ደህና ነው። ጆሮዬ ነው የማይሰማው። ከበሮውን ከወለሉ ነበር የምሰማው፤ አሁን ወለሉ ሁሉ ሞተር ሆነብኝ።»

አሰልጣኟ ሸንበቆው ወደ መሪው ቦታ እንዲወጣ በጣቷ ጠቆመች።

ቃል ቃል ነው። ጋሽ ናፍታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። እግሩ እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

ሸንበቆው ሲያልፍ ቆም ብሎ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለሰና ቃሉን አንድ በአንድ እየቆረሰ፣ «አንተ ግትር፣ ብትነግረኝ ምን ነበር? በል፣ ትከሻዬን እያየህ ተከተለኝ» አለው።

ጄኔሬተሩ ከእግሩ በታች ያጓራል። ከበሮ መቺው እጁን አነሳ። ጋሽ ናፍታ ዓይኑን ከዚያ ረጅም ትከሻ ላይ ተከለ፤ ትከሻው ተነቃነቀ፣ እሱም ግማሽ ምት ዘግይቶ ተነሳ።