ቦል ከሞተ በኋላ የተወለደው ልጅ

ጎረቤታችን ኛጋይ አውራ ጣቷን በቀላሉ ለቀለም የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። ዛሬም ባሮ ዳር ስቆም፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ አላፊ አግዳሚውን ስትቃኝ ትታየኛለች።

በደርግ ዘመን፣ ጀልባ ቀዛፊው ባሏ ቦል በወባ ሲሞት፣ አንድ ቆርቆሮ ቤትና ኛኮንግ የምትባል ሴት ልጅ ትቶላት ነበር። በኑዌር ወግ የሟች ወንድም ሚስቲቱን ይይዛል፤ የሚወለደው ልጅ ግን የሟቹ ነው። የቦል ወንድም ዋልም እንዲሁ አደረገ። ቦል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ኪየር ተወለደ፤ የቦል ልጅ ተባለ።

ያን ሰሞን ወራሽ ያልቀረበበትን ቤት ቀበሌ ይወስደዋል የሚል ወሬ ተነሣ።

«ከፍርድ ቤት የወራሽነት ወረቀት እናውጣ» አላት ዋል።

ኛጋይ ጠረጠረችው። ቤቱን በስሙ ሊያዞር ነው ብላ፣ ለእሱ ሳትነግረው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ወደሚጽፈው ወደ ጌዴዎን ሄደች። ጌዴዎን ጽፎ በጥድፊያ አነበበላት። እሱንም አላመነችውም። ወረቀቱን ወስዳ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ ለፒተር አስነበበችና ተመልሳ መጣች።

«ኛኮንግ አለች። ኪየር የለም። ዋል ምን አበላህ?»

«ዋልን የት አውቄው! ስሚኝ እስቲ፤ አባቱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደ ልጅ ወራሽ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ዳኛው የኛኮንግንም ይጠራጠራሉ። ቤቱን ታጪዋለሽ።»

«ካልጻፍከው ደግሞ ዋል ‹የእኔ ነው› ይላል። ቦል ያለ ወንድ ልጅ ይቀራል። ጻፍ!»

ጌዴዎን እያጉረመረመ ጻፈ።

በቀጠሮው ቀን ዋል በፍርድ ቤቱ ተጠርቶ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ኛጋይ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም።

«ይህ ሕፃን የማን ነው?» አሉ ዳኛው።

«የቦል ነው፣ ጓድ ዳኛ።»

«ቦልማ ቀደም ብሎ ሞቷል። ማን ወለደው?»

«እኔ። ለቦል።»

ችሎቱ በሳቅ አውካካ።

«ታዲያ የእኔ ነው በልና እንገላገል። ምን ቸገረህ?»

ዋል አንገቱን ደፋ። «የሞተ ወንድሜን አልሰርቅም» አለ።

ቤቱ ለኛኮንግና ለእናቷ ጸና። ኪየርን ግን ፍርድ ቤቱ ወራሽ አይደለም አለ። ደጅ ሲወጡ ኛጋይ ዋልን አስቆመችው።

«ዳኛ ፊት ነው ያልከው። ሌላ ቦታስ?»

«ቦል እንዴት ቻለሽ!» ብሏት ሄደ።

ኪየር ለትምህርት ሲደርስ ያስመዘገበው ዋል ነው። ኛጋይ ከትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታዳምጥ ነበር። መዝጋቢው የአባት ስም ጠየቀ።

«ቦል» አለ ዋል።

ኛጋይ ሰማች። መዝጋቢው ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ፒተርን ፈልጋ አመጣችና፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አስነበበችው።