ውሃ የጠጣው ድንጋይ

ቀራንዮ አካባቢ የኅብረተሰብ ሳይንስ ትምህርት ሳስተምር፣ ስለ ተፈጥሮ ሀብትና ስለ ውጭ ንግድ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ክፍሉ ይቀዘቅዝብኝ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ፣ በቃ።

አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከሐጂ ድንጋይ ተውሼ ልሄድ አሰብኩ። ሐጂ ከወሎ የሚመጣ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ይነግዳሉ። ድሮ ጥሬውን በጆንያ ለውጭ ነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ሴት ልጃቸው ግቢው ውስጥ በተተከለ ማሽን ትቆርጠዋለች፣ ትወለውለዋለች። ስጠይቃቸው ሳያመነቱ አንዱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ባሕር ማዶ ላለ ደንበኛ የተዘጋጀ መሆኑን የነገሩኝ በር ላይ ሲሸኙኝ ነው።

ክፍል ውስጥ ጨርቁን ስፈታው ሁሉም ተነስቶ ከበበኝ። ድንጋዩን ባዞሩት ቁጥር አረንጓዴው በቀይ ይተካል፣ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ጥሬውን ከሄደ እኛ ጋ ምን ይቀራል?" አለችኝ። መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ እኔ ግን ስለ ሐጂ ልጅና ስለ ማሽኗ ነገርኳቸው።

የብዙ ሰው ጣት ስለነካው እረፍት ሰዓት ላይ ላጥበው ብዬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ስብሰባ ተጠርቼ እዚያው ረሳሁት። ስመለስ ቀለሙ የለም። ብርጭቆው ውስጥ ያለው የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል። አውጥቼ በጨርቁ ጠቀለልኩት።

ሐጂ ቤት ስደርስ ድንጋዩን ዘረጋሁላቸው። ልጃቸው ከማሽኑ ተነስታ መጣችና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

"አልተበላሸም" አለች። "ውሃ ጠጥቶ ነው።"

ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቀለሙ እንዲመለስ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት አስረዳችኝ። ሐጂም ደንበኛው ቢጠብቅ ምንም አይደል አሉ።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጎራ እል ነበር። መጀመሪያ ነጥቶ ወተት መሰለ፤ ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ከቀናት በኋላ ግን ጠርዙ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በራች። በማግስቱ ቀዩ መጣ፣ ከዚያ ሌላው፣ እስኪሞላ ድረስ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ቆሙ።

"ስንት ዓመት በጆንያ ስሸጠው ኖርኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄን አንድም ቀን አላየሁም።"

ሁለታችንም ብዙ ቆየን፣ አንዲት ጥፍር የምታክል ድንጋይ ላይ አጎንብሰን።

በሳምንቱ ሐጂን አስፈቅጄ ተማሪዎቼን ወደ ግቢያቸው አመጣኋቸው። ልጃቸው ጥሬ ድንጋይ አንስታ ማሽኑን አስነሳች፤ ተማሪዎቼም፣ ያቺ ጥያቄውን የጠየቀችኝ ከፊት ሆና፣ ከበው ያዩአት ጀመር።