የእትዬ ዘሃራ መረቅ

ባለፈው ሳምንት ጀውሃ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ግራ ባቴን ሸምቅቆ ያዘኝ። አንድ ወጣት፣ «አባባ፣ ውኃ ላምጣልዎ?» ቢለኝ፣ «ውኃህን ወዲያ!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ሄደ። ልጁ ምን ያውቃል፤ የኔ ወንድም ውኃ እየጠጣ ነው የሞተው።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜን በየነንና እኔን ከሸዋ ሮቢት በላይ ካለው መንደራችን አፍሰው ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈላጭ አደረጉን። ግንቦት ነበር። የይፋት ቆላ በግንቦት... ምን ልበል፣ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። ላባችን ሸሚዛችን ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ጨው ከገበያ ስለጠፋ ምሳችን አልጫ ንፍሮ ነው። የጣሊያን በቅሎዎች ግን ጥላ ሥር ቆመው አሞሌ ይልሱ ነበር። እስከ ዛሬ በቅሎ አልወድም።

አንድ ቀን በቀትር የበየነ ባት እንደ ድንጋይ ተቋጠረ። ቀጥሎ ጭኑ፣ ቀጥሎ ሆዱ። መሬት ላይ ተንፈራገጠ። ካቦው፣ ያውም የኛው አገር ሰው፣ ከት ብሎ ሳቀ።

«እስክስታ አማረህ? ተነስ፣ አንተ ጥጋበኛ!»

ውኃ አመጣሁለት። ጠጣ። ባሰበት። ደግሜ አመጣሁ።

ለሙስሊም ሠራተኞች ምሳ የሚያመጡት አርጎባዋ እትዬ ዘሃራ አንድ ጣሳ መረቅ ይዘው ሮጠው መጡ።

«ውኃውን ተው! ያለኝ ጨው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ አጠጣው!»

«የእስላም ሥጋ ነው። እኛ አንቀምስም» አልኳቸው።

«ሥጋ ብላ ማን አለው? በላብ የወጣው ጨው ነው! ቄሱ ጋ ኋላ ትሄዳላችሁ፤ መጀመሪያ ይዳን እንጂ!»

በየነ አየኝ። ጥርሱ ገጥሞ መናገር አልቻለም። ጣሳውን በእጄ ገፋሁት፤ መረቁ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ሌላ ውኃ አጠጣሁት። አስታወከ። ይቀባዥር ጀመር። ተንቀጠቀጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። መምህሩ አንድ ቀን፣ ጡንቻ የሚኮማተረውና የሚፍታታው በጨውና በመሰል ማዕድናት ነው አለ። ላብ ጨውን ይወስዳል፤ በላዩ ውኃ ብቻ ሲጠጣ የቀረውም ይቀጥናል። ሌሎቹ ጻፉ። እኔ ከክፍል ወጣሁ።

እናቴ «ልጄን ማን ገደለው?» ስትለኝ «ካቦው» እላት ነበር። እስክትሞት በየማለዳው ረገመችው። ይገባዋል፤ እኔም አልማርኩትም። ግን ከእርግማኑ ግማሹ የኔ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ «አሜን» ስል ኖርኩ። አሁን የሚረግመኝ እንኳ የለም።