ዓርብ ያመለጠን አቤቱታ

ባለፈው ሰኞ ለንግድ ፈቃዴ ጉዳይ ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረች ጥቁር የለበሰች ሴት «ቀኑ አልፏል፤ ባለፈው ሳምንት ነበር መምጣት» ተባለች። አልተከራከረችም። ዶሴዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዝም አለች። ጁባን ያስታወሰኝ ያ ዝምታ ነው፤ አክስቴ ዘነቡም አንድ ጊዜ እንዲሁ ዝም ብላ ነበርና።

ጁባ የሄድኩት የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም ከተፈረመ በኋላ፣ ሐበሻው ሁሉ ወደዚያ በጎረፈበት ዘመን ነው። ገና ሃያዎቹን አላጋመስኩም። አክስቴ ደብረ ዘይት ያለ ቤቷን ሸጣ ማላኪያ ሰፈር አጠገብ በቆርቆሮና በቀርከሃ የተሠራ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። ምላሴ ስለታም ነው ተብሎ የቢሮው ጉዳይ ሁሉ ለእኔ ተሰጠ። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውለን ሠልጣኞቹን ምሳ አበላን። ሽሮውን መጀመሪያ በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ ኋላ ድስቱን እስከ መጥረግ ደረሱ። ክፍያው ግን «ቡክራ»፣ ነገ፣ ነገ እየተባለ ዝናብ ገባ። የቦታው ባለቤት ኪራይ ካላመጣን ለሌላ እንደሚሰጠው ቁርጡን ነገረን። ያ ከሆነ አክስቴ የምትመለስበት ቤት እንኳ አልነበራትም።

በዚህ መሐል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመንግሥት ጋር ውል ኖሮት ያልተከፈለው ሁሉ እስከ ዓርብ አቤቱታውን ያስገባ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም ይላል። አገልግሎቱን የተረከበው ሰውም መፈረም አለበት። የእኛን ምሳ የተረከቡት ሚስተር ላዶ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሚጥሚጣ የማይፈሩ ሰው። ቢሯቸው ስንሄድ ተዘግቷል። እናታቸው ሞተውባቸዋል አሉን።

ልቅሶ ቤቱን ካወቅን ፊርማውም ተገኘ ብዬ ነበር እኔ። አክስቴ ግን ስለ ፊርማ ትንፍሽ ሳትል ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወርዳ በቆሎና ባቄላ ገዛች፤ ንፍሮ ቀቀለች። ዓርብ ጠዋት ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጠጥን። ቀዩ መንገድ በዝናብ ላቁጧል። ሳፋውን ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ ትኩሱ ንፍሮ ጭኔን እየጠበሰኝ፣ ሞተሩ በተንሸራተተ ቁጥር የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ።

ሚስተር ላዶ ፀጉራቸውን ተላጭተው ማንጎ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለችና ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ አይታቸው ለማታውቅ ሴት። የአገሩ ሴቶችም ተቀበሏት። ልቅሶው ሲበርድ ንፍሮው እጅ በእጅ ዞረ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«እትዬ፣ አንዲት ፊርማ ናት የቀረችው። ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

«እናታቸውን አሁን አፈር ያለበሱ ሰው ፊት? ወረቀቱን አውጪና ልጄ አይደለሽም።»

«ቤቱ ይወሰዳላ!»

«ይወሰድ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እኔ በንዴት እንባዬ መጣ። ሰዎቹ ለሟቿ ያዘንኩ መሰላቸው፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም ጀርባዬን ያሻሹኝ ጀመር። ዓርብ እዚያው ማንጎው ሥር አለቀ።

ሰኞ የአቤቱታው ቢሮ ደጃፍ እንደ እኛ በዘገየ ሰው ተሞልቷል። ጸሐፊው «ኸላስ፣ አልቋል» እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ በዚያው ግቢ የሚሠሩት ሚስተር ላዶ ሲገቡ አዩን። ለምን እንደመጣን ጠይቀው ሲረዱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማማ፣ ዓርብ እኮ ቤቴ ነበርሽ። ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ።

ተረጎምኩላት።

«ልቅሶ ነበራ!» አለች፣ ጥያቄው ገርሟት።

ሚስተር ላዶ እጇን ይዘው ወደ ኃላፊው አስገቧት፤ እኔም ተከተልኩ። ኃላፊው ምርኩዝ የሚይዙ የቀድሞ ታጋይ ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ቢካ ላይ የዋለ ቀን የመንግሥት ቀን አይደለም» አሉ። ቢካ ልቅሶ ማለት ነው። «ፈራሚው ሐዘን ላይ ከነበረ ባለጉዳዩ ዘገየ አይባልም።»

«ለእሷ ብቻ ይራዘም?» አለ ጸሐፊው።

«ደጅ የቆሙት ሰው አይሞትባቸውም?» አሉ ኃላፊው። ቀኑ ለሁሉም እስከ ወሩ መጨረሻ ተራዘመ።

ገና ስም ያልወጣለት አገር ነበር፤ ቢሮው ኮንቴይነር፣ መብራቱ ጄኔሬተር። እኔ ሕግ የምለው የተዘጋ መስኮትን ነበር። እዚያ ግን ሕግ፣ እንደ ጨዋ መንገደኛ፣ ቆሞ ቀብር ሲያሳልፍ አየሁ። እስከ ዛሬ ያን የሚያህል ትልቅ ነገር ቢሮ ውስጥ አላየሁም። አክስቴ ግን አልደነቃትም። «ሰው ናቸዋ፤ ታዲያ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?» አለችኝ። ክፍያው በብዙ ደጅ ጥናት መጣ፤ ቦታውም ዳነ።

እና ባለፈው ሰኞ፣ ሰልፉ ላይ፣ ጥቁር ለባሿን ማን እንደሞተባት ጠየቅኳት። «እናቴ» አለች። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«ልጄ፣ የሐዘን ቀን አይቆጠርም።»

«የት ተጽፏል፣ ማዘር?» አለኝ መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ፣ በትሕትና።

እውነቱን ነው፤ የትም አልተጻፈም። ዘነቡ ካረፈች ቆይታለች፤ ባለ ምርኩዙ ሰውዬም ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። የሰማን ሰዎች ካልተናገርነው ቃሉ አብሮን መቀበሩ ነው።

«አለቃህን ጥራልኝ» አልኩትና የሴትየዋን ክንድ ይዤ አብሬያት ቆምኩ።