ከመኪና መቃብር የመጣው ኦርጅናል

የመኪናችን ጩኸት እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አልነበረም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የምንኖርባት የሲልቨር ስፕሪንግ ሽኮኮዎች ዛፋቸውን ለቀው ወደ ጎረቤት ከተማ ኮሌጅ ፓርክ ይሰደዱ ነበር። ጎረቤቶቻችን የደወል ሰዓታቸውን ጥለዋል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ሰው የገዛ ልጁን ለቅሶ እንደሚለምደው። ያልለመደችው ባለቤቴ ናት።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ይህንን ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ደረቴ ተነፍቶ የሸሚዜ ቁልፍ ይበጠሳል። ያንን መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ረጅም አውቶቡስ፣ እኔ የሕፃን ጋሪ እንኳ ገፍቼ በማላልፍበት ጠባብ መታጠፊያ፣ ሻይ የሞላ ብርጭቆ እንደተሸከመች አስተናጋጅ ጠብ ሳታደርግ ታዞረዋለች።

አባቷ ደግሞ በጊዜያቸው የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጅ ሳለች እሳቸው መኪናው ሥር ሲገቡ ፋኖስ የምትይዝላቸው እሷ ናት። መሪ ልንካ ስትል ግን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መብራቱን ቀጥ አርገሽ ያዢ።» አውቶቡስ እንደምትነዳ በስልክ ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን ለሰፈሩ ሰው «ልጄ አሜሪካን አገር ትራንስፖርት ቢሮ ውስጥ ናት» ነው የሚሉት። ሌላ ሰው ሲነዳ ደግሞ ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ከሄዱ፣ ሌላው መንገደኛ አንኮራፍቶ ሲደርስ እሳቸው የሌለ ፍሬን ሲረግጡ ይደርሳሉ።

እኚህ ሰው በዚህ በጋ ሊጠይቁን መጡ። ቲኬታቸው የተቆረጠ ዕለት ባለቤቴ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። «ከኤርፖርት የማመጣቸው እኔ ነኝ። አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። መኪናዬ ላይ አንዲት እንከን እንዳያገኙ ብቻ እርዳኝ።» ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

አሌክሳንድሪያ ያለው መካኒካችን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ በጆሮው አዳመጠና ቴንሽነሩ ነው አለን፤ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ክንድ ማለት ነው። ሞላው ደክሟል፣ ኩሽኔታውም አልቋል። ኦርጅናሉን ከዲለር ኦርደር ማድረግ ይቻላል፣ ትንሽ ያስጠብቃል። አፍተርማርኬት፣ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው፣ ከተባለ ዛሬውኑ ይገኛል። ባለቤቴ ወደ ሥራዋ እየሮጠች፣ «የፈለግከውን ምረጥ፤ ብቻ አዲስ ይሁን» አለችኝ። ምርጫን ለእኔ ትቶ መሄድ እንግዲህ የማን ጥፋት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እኔ በወጣትነቴ ታክሲ ላይ ሠርቼአለሁ። በእኛ ጊዜ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ ሁሉ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ስሙ ታይዋን ነበር። ሕጉም አንድ ነበር፦ ከአዲስ ታይዋን የተፈታ ኦርጅናል ይሻላል። ከአሮጌ መኪና ላይ ይፈታ እንጂ፣ የመኪናው ፋብሪካ ራሱ የሠራው ዕቃ ከሆነ ማንም አይወዳደረውም። አሜሪካ ስመጣ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህንን ሕግ ግን አልረሳሁም።

ስለዚህ ከሀያትስቪል ወዲያ ወዳለ የመኪና መቃብር ሄድኩ። ፀሐዩ መዶሻ ያቀልጣል። ከተደረደረው ብረት መሀል ከኋላ የተጨፈለቀች የመኪናችንን መንታ አገኘሁ። ከአንድ ብሎን ጋር ስንታገል እሱ ሊያሸንፈኝ ምንም አልቀረው፤ ኮፈኑ ሥር ጎጆ የሠሩ ተርቦች የብሎኑ ወገን ሆነው ተዋጉኝ። እስከ ክርኔ ጠቁሬ፣ ቴንሽነሩን እንደ አንበሳ ጎፈር ከፍ አድርጌ መካኒኩ ፊት ቀረብኩ።

መካኒኩ የቴንሽነሩን ክንድ ገፋ ገፋ አደረገው። «ጋሼ፣ ሞላ እኮ ያረጃል። ይሄ ከአሮጌው ጋር እኩያ ነው» አለኝ።

«ኦርጅናል አያረጅም፤ ይበስላል እንጂ።»

ሳቀና ገጠመው። ሲገጥም ባለቤቴ ኮፈኑ ሥር ተደፍታ የእያንዳንዱን ብሎን ጉዳይ ስትጠይቀው፣ ቺንጋው በየት በየት እንደሚዞር በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ነበር። «አዲስ ይሁን አላልኩህም?» ብላኝ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በቤተ መጻሕፍት እንኳ አይገኝም። ሽኮኮዎቹ ተመለሱ። እኔም በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ስራመድ እንደ ሹመኛ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ነበር።

አማቴ በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከኤርፖርት ወጡ። ሻንጣቸውን ጭነን ስንጨርስ ባለቤቴ የፊተኛውን በር ከፍታ «አባባ፣ እዚህ» አለቻቸው። መሪውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን። እኔ ከኋላ ቀበቶዬን አስሬ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀምጫለሁ።

«አንተ አትነዳም?»

«እኔ መንገደኛ ነኝ፣ አባባ።»

ባርኔጣቸውን ጫን አድርገው ገቡ። የመጀመሪያውን ጉዞአችንን ወደ አሌክሳንድሪያ አደረግን፤ እዚያ ታላቅ እህታቸው፣ የባለቤቴ አክስት፣ ምሳ አሰናድተው እየጠበቁ ነው። አማቴ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን፣ በቀኝ እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጠው፣ በቀኝ እግራቸው ያንን የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ። እሷ መስመር ስትቀይር ሁለቱንም መስተዋት፣ ከዚያም ትከሻዋን ዞር ብላ ታያለች። እሳቸው ደግሞ እሷ ማየቷን ያያሉ። አንዲት ስህተት አላገኙም። ከኋላ ሆኜ በሆዴ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ካፖርታቸውን ፈታ ሲያደርጉ አየችና ኤሲውን ከፈተች፤ ኤሲ ደግሞ ለቺንጋው ተጨማሪ ሸክም ነው።

ጮኸ። ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። ኦርጅናሌን በድምፁ አወቅኩት።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ አማቴ።

«የቺንጋው መወጠሪያ ነው፣ አባባ። ዛሬ እቀይረዋለሁ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። ኤሲውን ዘጋች፣ መስኮቶቹን ከፈተች፣ መስመሯን ይዛ ቀጠለች። በመስተዋቱ ውስጥ ግን አገጯ ሲጠነክር አየሁ። እኔን ማሳጣት ስትችል አላሳጣችኝም። ይህንን ማየት አልቻልኩምና ራሴን አሳልፌ ሰጠሁ። ኦርጅናል መሆኑን፣ እኔው ራሴ ከመኪና መቃብር እንደፈታሁት ከኋላ ሆኜ አስረዳሁ።

አማቴ በመቀመጫቸው ሙሉ ለሙሉ ዞሩ። «የተፈታ? እዚህ አገር አዲስ ጠፍቶ ነው?»

«ሕጉ እኮ አባባ...»

«እኛ የተፈታ የምንገጥመው አዲስ ስለማይመጣልን ነው እንጂ ወደን መሰለህ?»

ሕጌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ዕለቱ እሑድ ነበርና መካኒካችን ዘግቷል። ኤሲውን ሳንነካ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እንድንሄድ ሐሳብ አቀረብኩ። ባለቤቴ በዚህ ጩኸት አባቷን ቤቷ እንደማታስገባ ቁርጡን ነገረችኝና ከአክስቷ ቤት በፊት መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ አቆመች። መደርደሪያ ላይ ያለው አፍተርማርኬት ነው፤ ኦርጅናሉ በትዕዛዝ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ይደርሳል ተባለች። ካርቶኑን እዚያው ከፈተች። መዘውሩን ጆሮዋ አጠገብ አሽከረከረችው፣ ክንዱን ገፍታ ሞላውን ፈተነች፣ ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ከስልኳ ፎቶ ጋር አስተያየች።

«ኦርጅናል ነው?» አሉ አማቴ ከኋላዋ።

«አይደለም፣ አባባ። ግን አዲስ ነው። ዋስትናም አለው።»

ተቀብለው እሳቸውም አሽከረከሩት፣ አዳመጡት፣ ሳይናገሩ መለሱላት። የእሳቸው ዝምታ ጭብጨባ መሆኑን ባለቤቴ ታውቃለች። ሱቁ የሚያውሰውን ረጅም መፍቻ ይዛ ወጣች።

ምሳ እስክንበላ ሞተሩ በረደ። ከዚያ የአክስቷን ሽርጥ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ አስራ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈኑን ከፈተች። ቴንሽነሩ ያለበት ጥግ እኩለ ቀን ላይም ጨለማ ነው፤ የስልኬን መብራት አብርቼ ልይዝላት ጎንበስ ስል አማቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ዘወር በል» አሉኝ።

ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጥተው በሁለት እጃቸው ያዙላት። እሷ በመፍቻው ክንዱን መልሳ ቺንጋውን አወጣች፣ የእኔን ጀግና ፈታች፣ አዲሱን አስገባች። አንድ ቦታ ላይ ብሎኑ አልታይ አላት። ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ መብራቱን ቀጥ አርገው ያዙልኝ» አለች።

እሳቸው ክርናቸውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስደገፉና መብራቱን ቀጥ አደረጉላት።

ሞተሩ ሲነሳ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ዝም። አክስቷ በመስኮት ብቅ ብለው ማን እንደሠራው ጠየቁ።

«ልጄ ናት» አሉ አማቴ ወደ ላይ እያዩ። «ሹፌር ናት።»

«አሁን ገና ሰማህ?» አሉ እህታቸው፣ መስኮቱንም ዘጉ።

ሲመሻሽ ወደ ቤት ተነሳን። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ወጥተን ትልቁን የወንዝ ድልድይ ስንሻገር የአማቴ እግር አንዴ ፍሬኑን ፈለገ፣ ተወው። እጃቸው ከበሩ መያዣ ላይ ወረደ። ባርኔጣቸው ወደ አፍንጫቸው አዘነበለ። ቀጥሎ ከፊተኛው ወንበር አንድ ድምፅ ተነሳ፤ የእኔ ኦርጅናል በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

ወደ ባለቤቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «ለዚህኛውስ ምን ይቀየርለት?» አልኳት።

«ዝም በል፣ ትቀሰቅሳቸዋለህ።»

ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ጉንጯ ላይ የሚወርደውን ለመጥረግ እንኳ እጇን ከመሪው አላነሳችም። የሲልቨር ስፕሪንግ መውጫ መጣ። ፍሬቻ አላበራችም። መውጫው በቀኛችን አለፈ።

«አለፍሽው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ይተኙ።»

ቤልትዌይ ከተማውን ዙሪያውን የሚከብ መንገድ ስለሆነ መውጫውን ያለፈ ሰው ዞሮ እስኪመጣ መታገስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ያን ማምሻ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተሻገርነው።